የተዘጋ ሱቅ፣ ያልተዘጋ ሒሳብ

ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሰዎች በሰደቃ፣ በኒካህ ወይም በዒድ ቀን አንድ ላይ ሲቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ «ድሮ» ላይ ያርፋል። «እዚያ ጥግ የነበረው ሻይ ቤት ትዝ ይላችኋል?» ይላል አንዱ። «የሳምቡሳው ሽታ እስከ መስጊዱ በር ይመጣ አልነበር!» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ራሱን ነቅንቆ «ዛሬማ ምን ቀረ፣ ዘመኑ ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ልጆች ወደ ስልካቸው፣ ትልልቆች ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናነሳው የፈለግነው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሲያስቡት ይከብዳል። የሄደን ነገር መናፈቅ ምን ዋጋ አለው? አንድ ሙስሊም ያደገበትን ሰፈር፣ የተዘጋውን ሱቅና የፈረሰውን ሻይ ቤት ሲናፍቅ ስሜቱ እንዲሁ የሚያልፍ ትዝታ ብቻ ነው? ወይስ ከትዝታው ጋር አብሮ የሚመጣ ግዴታ አለ? ይህ የጥቂት ሰዎች ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ስንቱ ሰው እንዳዘነ አይተናል። እኔ ግን የማውቀውን ብናገር ይሻላልና ምሳሌዬን ካደግኩባት ከድሬዳዋ ልውሰድ።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ አረፈ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1917) ነው። በዚህ መካከል ድሬዳዋ ለዓመታት የመንገዱ መጨረሻ ስለነበረች ነጋዴው ሁሉ ወደ እርሷ ጎረፈ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው ከየመኑ፣ ከህንዱ፣ ከግሪኩና ከአርመኑ ጋር ጎረቤት ሆነ። የደቻቱ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላ ያላት ከዚራ፣ በሌላው ወገን የከፊራን ገበያ ያቀፈችው መጋላ ትገኛለች።

በዚያን ጊዜ በድሬዳዋ ብቻ ሳይሆን በብዙ የአገራችን ከተሞች «አረብ ቤት» ማለት ሱቅ ማለት ነበር። የየመን ሰዎች ከባሕር ማዶ መጥተው በየሰፈሩ ጥግ ትናንሽ ሱቅ ከፈቱ። እናት ልጇን «አረብ ቤት ሂድና ስኳር አምጣ» ስትል የሰውየውን ዘር መንገሯ አልነበረም፤ የሱቁ ስም ያው ነበር። ስኳሩ በጋዜጣ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ላምባው በጠርሙስ ይቀዳል፤ ሻይ ቅጠሉ፣ ክብሪቱ፣ ሳሙናውና ተምሩ ከአንድ መደርደሪያ ይወርዳል። እኔ የደረስኩባቸው ከብዙዎቹ የተረፉትን ጥቂቶቹን ነው። የቀረውን ከአባቶች ሰምቻለሁ።

ሻይ ቤቶቹም እንዲሁ ነበሩ። በለገሃር አካባቢ ማለዳ ፉልና ፈጢራ የሚበላው የባቡር ሠራተኛ፣ ፈረሱን ጥላ ሥር ያሰረው ባለ ጋሪ፣ ከሱብሒ ሶላት የተመለሰው ሽማግሌ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ባቡር ሲገባ የጅቡቲ ወሬ ይገባል። ማን እንደታመመ፣ የማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ፣ የየትኛው ልጅ የመድረሳ ክፍያ እንደጎደለ የሚታወቀው እዚያ ነበር። ሰው ሻይ ለመጠጣት ገብቶ የጎረቤቱን ችግር ይዞ ይወጣ ነበር።

እነዚህ ቤቶች በአንድ ቀን አልጠፉም፤ አንድ ምክንያትም አላጠፋቸውም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ብዙ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሻንጣቸውን አሰሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት መጣና ሐዲዱም ገበያውም ታወከ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ በሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ በዳርቻው የነበረውን ቤትና ሱቅም ጠርጎ ሄደ። የድሮው ባቡር ሲያነክስ ቆይቶ ከአዲስ አበባ የሚያመጣውን መንገደኛ አቋረጠ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ ጣቢያው ከመሀል ከተማ ርቆ ተሠራ። መንገደኛ በእግሩ ወርዶ ሻይ የሚጠጣበት ሰፈር መንገደኛውን አጣ። ጋሪውንም ባጃጅ ተካው። እንግዲህ የምንናፍቀውን ያጠፋው አንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዋጅም፣ ጦርነትም፣ ጎርፍም፣ የመንገድ መለወጥም ተባብረውበታል።

መናፈቅ ነውር ነውን?

አንዳንድ ወጣቶች «ይህ ሁሉ ዱንያ ነው፤ ለፈረሰ ግድግዳ ማዘን ከሙእሚን አይጠበቅም» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰሃቦች ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ በትኩሳት ታመሙ። ቢላል (ረ.ዐ.) ትኩሳቱ ሲለቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆና በዚያ የሚበቅለውን ሣር ስም እየጠራ በግጥም ይናፍቅ ነበር። ያሰቃዩት በዚያች ከተማ ነው፤ የናፈቀውም እርሷኑ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ በተነገራቸው ጊዜ አልገሰጹትም። ይልቁንም አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በበለጠ እንዲያስወድዳቸው፣ ጤናማ እንዲያደርጋትና በቁናዋና በስፍሯ ላይ በረከት እንዲያኖርላቸው ዱዓ አደረጉ። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ለናፈቀ ሰው የተደረገው ዱዓ ውስጥ ቁናና ስፍር ምን አገባቸው? አገር የሚወደደው በተራራውና በሣሩ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰው አንድን ከተማ አገሬ የሚለው እህል ሲገዛ የማይታለልበት፣ ሲቸግረው የማይናቅበት ሲሆን ነው። ስለዚህ ናፍቆት ራሱ ነውር አይደለም። መጠየቅ ያለበት ናፍቆቱ ወደየት ይወስደናል የሚለው ነው።

ወደ ክፉ የሚወስድ ናፍቆትም አለ። እርሱም ዘመንን መስደብ ነው። «ዘመኑ ተበላሸ» ማለት ከአፋችን ቢቀለንም፣ ዘመንን መስደብ በሐዲስ ተከልክሏል፤ ሌሊትና ቀኑን የሚያገላብጠው አላህ ነውና። ደግሞም ዘመን ሱቅ አይከፍትም፣ ሚዛንም አይሰርቅም። ሱቅ የሚከፍተውም ሚዛን የሚሰርቀውም ሰው ነው። ቁርአን ስለ ጠፉ ገበያዎች ሲነግረን ጥፋቱን ለዘመን አይሰጥም። የመድየን ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ። ነብያቸው ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) አላህን በብቸኝነት ተገዙ ካላቸው ቀጥሎ የነገራቸው ስፍርና ሚዛንን እንዳያጎድሉ ነው (ሁድ፡ 84-85)። ከተማቸው ጠፋ፤ እስከ ዛሬም የምትታወሰው በጎደለ ሚዛኗ ነው። ያች የኛዋ ከተማ በምን ትታወሳለች? ጥያቄው ይህ ነው።

የዱቤው ደብተር

ከድሮው ሱቅ ውስጥ በእውነት የምንናፍቀው ምን እንደሆነ ብንመረምር ስኳሩ አይደለም፤ ስኳር ዛሬም አለ። የምንናፍቀው መታመንን ነው። ባለሱቁ አንድ ደብተር ነበረው። የባቡር ሠራተኛ ደመወዝ በወር አንዴ ነውና በመካከሉ ቤተሰቡ በዱቤ ይኖራል። የሰባት ዓመት ልጅ ባዶ እጁን መጥቶ «እማዬ ስኳር ስጠው ብላለች» ይላል። ባለሱቁ ሳያቅማማ ይመዝናል፤ በዐረብኛ ፊደል የአባቱን ስምና ዋጋውን ይጽፋል። መያዣ የለም፤ ፊርማ የለም። ወሩ ሲያልቅ አባት ይመጣል፣ ሒሳቡ ይነበባል፣ ይከፈላል፣ ገጹ በሰያፍ መስመር ይሰረዛል። ጎደሎ ወር ሲሆን «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው» ይባላል።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስለን። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገረው ነው (አል-በቀራህ፡ 282)። ከእርሱ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ እንዲታገሡት አላህ ያዛል (አል-በቀራህ፡ 280)። ለሰዎች ያበድር የነበረና አሳላፊዎቹን «የተቸገረውን እለፉት» ይል የነበረ ነጋዴ አላህም እንዳለፈው በሐዲስ ተዘግቧል። ያ የሰፈራችን ባለሱቅ እነዚህን አንቀጾች አፍልቶ ተርጉሞ አስተምሮን ላያውቅ ይችላል። ደብተሩ ግን ተግባራዊ ትርጓሜያቸው ነበር።

እንግዲህ አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ባለሱቁ በችኮላ ዘግቶ ሲሄድ የደብተሩ ገጾች ሁሉ ተሰርዘው ነበርን?

አንዲት እናት የጠየቁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ እናት ወደማስተምርበት መድረሳ መጡ። ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቀው በዝግታ እንዲህ አሉኝ፦

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለቤቴ ሊሞት ሲል ‹የአረቡ ዱቤ አልተከፈለም፣ 37 ብር አለብን› ብሎኝ ነበር። ሰውየው በደርግ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ከገባ ስንት ዘመኑ! ልጆቼ ‹37 ብር ዛሬ ምን ይገዛል፣ ተይው› ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ሰውዬ በልጆቼ አፍ ስኳር ያደረገ ሰው ነው።»

«እናቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎት ኢማን ነው፤ አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አልኳቸው።

የእኚህ እናት ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ዕዳ በዘመን ብዛት ይሰረዛል ወይ የሚለው ነው። አይሰረዝም። ደብተሩ ቢቃጠል፣ ሱቁ ቢፈርስ፣ በቦታው ፎቅ ቢሠራ ሐቁ ባለበት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ጀናዛ ሲቀርብላቸው የሚከፈልበት ነገር አለመተዉን ጠይቀው ሌሎቹ እንዲሰግዱበት አዘዙ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ ልውሰድ ባለ ጊዜ ነው ራሳቸው የሰገዱበት። ያ ዕዳ 3 ዲናር ነበር። ጥቂት ነው ተብሎ አልታለፈም።

ሁለተኛው፣ ስንት ይከፈላል የሚለው ነው። የያኔው 37 ብር የወር አስቤዛ ነበር፤ የዛሬው 37 ብር ግን ብዙ አይራመድም። የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ስብሰባ የገንዘብ ዕዳ የሚመለሰው በቁጥሩ ልክ እንጂ በዋጋው ተሰልቶ እንዳልሆነ ወስኗል። ስለዚህ ግዴታው 37 ብር ነው። ነገር ግን ከግዴታ በላይ በጎነት አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰው፣ ከሰዎች በላጩ አከፋፈሉ ያማረው መሆኑን አስተምረዋል። አበዳሪው ጭማሪ እስካልጠየቀና ቀድሞ እስካልተዋዋሉ ድረስ ባለዕዳ በገዛ ፈቃዱ ቢጨምር የተወደደ ነው እንጂ አራጣ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ባለሐቁ ከሌለ ለማን ይከፈላል የሚለው ነው። መጀመሪያ ይፈለጋል፤ እርሱ ከሞተ ወራሾቹ ይፈለጋሉ። ተስፋ ሲቆረጥ በእርሱ ስም ሰደቃ ይሰጣል። ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ከአንድ ሰው ገዝተው ዋጋውን ሳይከፍሉት ሻጩ በመጥፋቱ አንድ ዓመት ሙሉ ፈልገው፣ በመጨረሻ ገንዘቡን በሰውየው ስም ለድሆች እንዳከፋፈሉ ተዘግቧል። ሰውየው ኋላ ቢመጣ ግን ሰደቃውን ለራሳቸው አድርገው ሐቁን ሊከፍሉት ነበር።

እኚያ እናት ወደ ጅቡቲ ከሚመላለሱ ነጋዴዎች ጀምሮ በከተማው እስከቀሩት የየመን ተወላጅ ሽማግሌዎች ድረስ ለወራት ጠየቁ፤ ወራሽ አልተገኘም። ከዚያ ያደረጉትን ሲነግሩኝ ብዙ አሰብኩ። በሰፈራቸው ወዳለው ሱቅ ሄደው፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ጎረቤታቸው ያለባትን የዱቤ ሒሳብ በሟቹ ባለሱቅ ስም ከፈሉ። 37ቱን ብር ለዕዳው፣ የቀረውን ለበጎነቱ አደረጉት። ሴትየዋ ማን እንደከፈለላት እስካሁን አታውቅም። በተዘጋው ሱቅ የነበረው አመኔታ በሌላ ሱቅ ገጽ ላይ ቀጠለ ማለት ነው።

ያለፈውን አናምልክ

በዚህ ሁሉ ግን ድሮን ጀነት እንዳናደርገው መጠንቀቅ ያሻል። ሚዛኑን በጣቱ የሚጫን ባለሱቅ ድሮም ነበር። በዱቤ የተያዘ ድሃ ደግሞ ዋጋው ቢወደድበት እንኳ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም ነበር። በሻይ ቤቶቹ ዙሪያ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጥበት በርጫ ስንቱን አባት ዐስርን እንዳሳለፈው፣ ስንቱን ደመወዝ ቤት ሳይደርስ እንዳስቀረው የሚያውቁ ሚስቶች ናቸው። ለእነርሱ ያ አግዳሚ ወንበር ያን ያህል ጣፋጭ ትዝታ የለውም። ዛሬ ደግሞ ሁሉ ጠፍቷል ማለት ሐሰት ነው። ዛሬም በየሰፈሩ ደብተር የሚይዝ ባለሱቅ አለ፤ ዛሬም የጎረቤቱን ልጅ የሚያውቅ አለ። ትዝታችን ፍትሐዊ ካልሆነ ምስክርነታችን የሐሰት ይሆናል።

ደግሞ አንድ ነገር እናስብ። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) የመን ውስጥ ጦርነቱ ሲበረታ ብዙ የመናውያን ባሕሩን ተሻግረው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። አባቶቻቸው ሱቅ ከፍተው ያበደሩን ሕዝብ ልጆች ስደተኛ ሆነው በራችን ላይ ቆሙ። «የአረብ ቤት ትዝ ይለኛል» እያለ በሰደቃ ላይ የሚያወራ ሰው ቤት ሲያከራያቸው ዋጋ ቢጨምርባቸው፣ ልጃቸው በዱቤ ስኳር ሲጠይቅ ቢያባርረው ትዝታው ምኑ ላይ ነው? እንዲህ ያለ ናፍቆት ራስን ማባበያ ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

ናፍቆት በሦስት ነገር ዒባዳ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ዱዓ ነው። ሻዩን ያፈላልን፣ ስኳሩን የመዘነልን፣ በጋሪው ያደረሰን ሰው አብዛኛው ዛሬ ከመሬት በታች ነው። ስማቸውን ስናነሳ «አላህ ይዘንላቸው» ማለት ከመቶ ወሬ ይበልጣል። ሁለተኛው ሐቅን መፈተሽ ነው። በየቤታችን ትልልቆች በሕይወት ሳሉ «አባታችን ያልከፈለው፣ የተቀበለው አደራ፣ ያልመለሰው ዕቃ አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ልጅ ከአባቱ ቤትና ፎቶግራፍ ሊወርስ ሲሽቀዳደም የዱቤውን ገጽ መርሳት አይገባውም። ዕዳ ከውርስ በፊት ነው።

ሦስተኛው መቀጠል ነው። ለልጆቻችን «ድሮ ሰው ይተማመን ነበር» ብለን ብንነግራቸው እንደ ተረት ሰምተው ያልፋሉ። ልጁን ገንዘብ ሰጥተን ልከነው መልሱን በትክክል ሲያመጣ ብናመሰግነው፣ ባለሱቅ አሳስቶ የሰጠንን ትርፍ ብር እንዲመልስ ብንልከው፣ ደመወዝ በገባ ቀን ይዘነው ሄደን ዱቤያችንን በፊቱ ብንከፍል ግን ያያል። ባለሱቅ ለሆነም እንዲሁ ነው። በስልክ ገንዘብ መላክ በተለመደበት በዛሬው ጊዜም ለተቸገረች እናት «ሲመችሽ ታመጪዋለሽ» ማለት አልተከለከለም። ለዚህ ከዚራም መጋላም መሆን አያስፈልግም፤ አዲስ በተሠራ የጋራ መኖሪያ ቤት ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅም ትበቃለች።

ሕንፃ ይፈርሳል፤ ይህ የአላህ ሱና ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ሐዲድ ይነሳል፣ ነጋዴም ወደ አገሩ ይመለሳል። የማይፈርሰው በሰውና በሰው መካከል የቀረው ሐቅ ነው። ባለሱቁ ደብተሩን ጥሎት ቢሄድ እንኳ የማይሳሳቱ ጸሐፊዎች የያዙት ሌላ መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ ላይ ናፍቆታችን አይጻፍልንም፤ የከፈልነውና ያስከፈልነው፣ ያመንነውና የታመንበት ነው የሚጻፈው።

አላህ (ሱ.ወ.) ላለፉት አባቶቻችንና ጎረቤቶቻችን ይዘንላቸው። ከሰው ሐቅ ንጹሕ ሆነን እንድንገናኘው ያድርገን። በገበያችን፣ በሚዛናችንና በልጆቻችን ላይም በረከቱን ያኑርልን። አሚን።